ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ፦ ሰው ሳያስቸግሩ ስለ መጓዝ

እህታችን፣ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። በየካቲት መጨረሻ ከወላጅ እናትዎ፣ ከሴት ልጅዎና ከወንድ ልጅዎ ጋር በአውቶቡስ ወደ ደሴ እንደሚመጡ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእናትዎ በኩል ሙስሊም ከሆኑ ዘመዶችዎ ቤት እንደሚያሳልፉ፣ ከዚያም አልጋ ይዘው ከተማውንና ሐይቅን ለማየት እንዳሰቡ ገልጸው፣ «በመንገድም ሆነ በቤት ሰው ላለማስቸገር ምን እናድርግ?» ብለዋል። እኔ ኮምቦልቻ ተወልጄ ደሴ ላይ ቤት የመሠረትኩ፣ ለንግድ ወደ አዲስ አበባ የምመላለስ፣ ቤቴም እንግዳ የማይጠፋበት ሰው ስለሆንኩ፣ መልሴ መንገደኛም እንግዳ ተቀባይም ሆኜ ካየሁት የተውጣጣ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስገንዝብ። በእኛ አካባቢ ሰው ለእንግዳ «ተቸገርኩ» ብሎ አይናገርም። ወንበሩ ቢጠበው፣ እንቅልፍ ቢያጣ፣ ከሱቅ በዱቤ አምጥቶ ቢያስተናግድዎ ፊቱ አይጠቁርም፤ «ይቅርታ፣ አስቸገርንዎ» ቢሉትም «አብሽሩ፣ ምን ችግር አለ» ይልዎታል። ይህን የሚያደርገው ለማስመሰል ብሎ አይደለም፤ እንግዳን ማሳፈር ነውር ነው ተብሎ ስላደገ ነው። ስለዚህ ሌላው ሰው እስኪናገር የሚጠብቅ ተጓዥ፣ ምንም ክፉ ሐሳብ ሳይኖረው፣ ሲያስቸግር ውሎ ሲያስቸግር ያድራል። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ሰዎች በአፋቸው ስለማይነግሩዎት ነገር ነው።

ከመንገዱ ልጀምር። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን የሚያደክመው ርቀቱ ሳይሆን የአየሩ መለዋወጥ ነው። አውቶቡሱ በማለዳ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን በብርድ ያልፋል፤ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ዋሻውን አልፎ በደብረ ሲና ቁልቁለት ይወርድና ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ የሆነችው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጋቢ የደረበው ሁሉ ላብ ያጠምቀዋል። ከዚያ የአጣዬን፣ የካራቆሬን፣ የከሚሴንና የሐርቡን ሙቀት አልፎ ኮምቦልቻ ይገባል፤ በመጨረሻም በሐረጎ ዳገት 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 600 ሜትር ያህል ወጥቶ እንደገና ደሴ ብርድ ላይ ያወርድዎታል።

በዚህ ምክንያት በተሳፋሪዎች መካከል የሚነሣው አለመግባባት በብዛት ስለ መስኮት ነው። ሙቀት የጨነቀው ይከፍታል፤ ብርድ የሚፈራው ይዘጋል፤ ረዳቱ መካከል ገብቶ ያስታርቃል። እኔ የታዘብኩት ግን አውቶቡስ ሲሮጥ የተከፈተ መስኮት ነፋሱ የሚመታው ከፋቹን ሳይሆን ከኋላው የተቀመጠውን ሰው መሆኑን ነው። ከፋቹ ከጎኑ ያለውን ብቻ አስፈቅዶ ይከፍታል፤ ከኋላው ያሉት እናት ደግሞ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስከ ከሚሴ ድረስ ዝም ብለው ይጓዛሉ። ስለዚህ ከመክፈትዎ በፊት ዞር ብለው የኋላውን ሰው ይጠይቁ፤ «ግዴለም» ቢሉዎትም እንኳ አራት ጣት ያህል ብቻ ከፍተው ይተዉት። ወንበር ወደ ኋላ ሲያስተኙም እንደዚሁ ነው። እናትዎ ብርድ የማይስማማቸው ከሆኑ ደግሞ፣ ማንም መስኮት ከፊታቸው እንዳይከፍትባቸው፣ ትኬት ሲቆርጡ የፊት ረድፍ መጠየቅ ይሻላል።

የፊት ረድፍ ለልጆቹም ይጠቅማል፤ የጣርማበርና የሐረጎ ጠመዝማዛ ብዙ ልጆችን ያስመልሳልና። ቁርሳቸውን ቀለል አድርጉላቸው፤ ስልክ ላይ እንዳያቀረቅሩና ወደ ፊት መንገዱን እንዲያዩ አድርጉ፤ የተደረበ ፌስታልም በእጅዎ ይያዙ። (ሎሚ ማሽተት የሚያግዛቸው አሉ፤ ሽቶ ግን ማንንም ሲያግዝ አላየሁም።) ያስመለሱበትን ፌስታል በመስኮት መወርወር ብዙዎች የሚያደርጉት ቢሆንም፣ በሐረጎ ዳር ዳሩን በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎች እንዳሉ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ቋጥሮ ከወንበር ሥር አኑሮ በመጀመሪያው መቆሚያ መጣል ማንንም አይጎዳም። በወንበር ጉዳይ ግን በብርቱ የምመክርዎ፣ ታናሹ ልጅ ሕፃን ካልሆነ በቀር የራሱን ወንበር እንዲገዙለት ነው። ጎንዎ የተቀመጠው ወሎዬ «አምጪልኝ፣ እኔ ልያዘው» ማለቱ አይቀርም፤ ልጁም እቅፉ ውስጥ ይተኛል፤ ሰውየው ግን እግሩ እየደነዘዘ፣ ልጁ እንዳይነቃበት ሳይንቀሳቀስ፣ እርስዎ ያተረፉትን የአንድ ወንበር ዋጋ በራሱ ጉልበት ሲከፍል ይውላል። የስልክ ድምፅን በሚመለከት ማዳመጫ መያዝ በቂ ስለሆነ አላስረዝመውም።

አሁን ስለ ጾም፣ ምክንያቱም የሚመጡበት ወቅት ይህን ግድ ይላል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ፣ በቅርብ ዓመታት ከዐቢይ ጾም ጋር ተገናኝቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ሲገባ ረመዳን የካቲት 22 ቀን ጀምሯል። በእስልምና መንገደኛ ጾሙን እንዲያፈርስ የተፈቀደለት ቢሆንም ብዙዎች ጾመው ይጓዛሉ። ልጆችዎ መብላታቸውን ማንም አይቃወምም፤ ሆኖም ምግቡን አውቶቡስ ውስጥ ከመክፈት ይልቅ ለምሳ በሚቆምበት ቦታ ወርዶ መመገብ ለጿሚው ይቀልለዋል። በዚያው መቆሚያ ለመስገድ የሚሄዱ ተሳፋሪዎች ትንሽ ቢዘገዩ ሾፌሩን «እንሂድ» ብለው ከሚያጣድፉት ጋር አይተባበሩ። ከእጅ ቦርሳዎ ውስጥ ደግሞ ጥቂት ተምርና አንድ ሁለት ጠርሙስ ውኃ ይኑር፤ አውቶቡሱ ዘግይቶ ፀሐይ ከኮምቦልቻ በፊት ብትጠልቅ ጎረቤትዎ የሚያፈጥርበትን ከእርስዎ እጅ ያገኛል። እንዲህ ያለውን ነገር ወሎ ውስጥ ሰው አይረሳውም።

ወደ ቤቱ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ስስ ይሆናል። ሙስሊም የሆነ ቤተሰብ ክርስቲያን ዘመዱ ሲመጣበት፣ ክርስቲያን ጎረቤቱን ጠርቶ በግ ወይም ዶሮ አሳርዶ፣ በተለየ ድስት አሠርቶ ያስተናግዳል፤ ክርስቲያኑም ለሙስሊም እንግዳው እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ያማረ ልማድ ነው፤ ወጪውና ልፋቱ ግን ቀላል አይደለም። እርስዎ ጿሚ ከሆኑ ከመነሣትዎ አስቀድመው ደውለው «እኛ ጾመኞች ነን፣ ምንም እንዳይታረድ» ብለው ቁርጥ አድርገው ይንገሯቸው፤ ከደረሱ በኋላ መናገር በጉ ከታረደ በኋላ መናገር ነው። በረመዳን እኩለ ቀን ላይ የደረሰ እንግዳ ደግሞ ሳያውቀው ትልቅ ሥራ ይፈጥራል፤ የቤቱ እመቤት አፏ ደርቆ፣ ራሷ የማትቀምሰውን ወጥ ቆማ ትሠራለታለች። ምሳችሁን በመንገድ በልታችሁ ከአሥር ሰዓት በኋላ ብትደርሱና ከቤተሰቡ ጋር በአፍጥር ብትቀርቡ ለሁሉም ይቀልላል። ተምሩ፣ የምስር ሳምቡሳው፣ ቅቤና ሥጋ ያልገባበት የአጃ ሾርባ ለዐቢይ ጾምም የሚሆን ነውና፣ ሁለቱ ጾሞች በአንድ ማዕድ ላይ ያለ ችግር ይገናኛሉ። ልጆቹ ቀን ላይ እንዲበሉ የሚሆን ዳቦና ሙዝ ይዘው ይምጡ፤ ራስዎ ያቅርቡላቸው።

ሌላው የመኝታ ጉዳይ ነው። ደሴ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ባለቤቶቹም አልጋቸውንና ወፍራሙን ብርድ ልብስ ለእናንተ ሰጥተው እነርሱ ፍራሽ ዘርግተው ስስ ነገር ደርበው እንደሚያድሩ እወቁ። ይህን በክርክር አያስቀሩትም፤ ሞክሬው አውቃለሁ። የሚቻለው ለየራሳችሁ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይዞ መምጣት ነው፤ ያን ጊዜ የቤቱ ብርድ ልብስ ለቤቱ ሰው ይተርፋል። የሚቆዩበትን ቀን ብዛትም ሲገቡ ይናገሩ፤ ባለቤቶቹ «መቼ ትሄዳላችሁ?» ብለው ስለማይጠይቁ፣ ቀኑን ሳያውቁ አስቤዛቸውን ማቀድ ይቸግራቸዋል።

ቡናን በተመለከተ፣ በረመዳን ቡናው ከአፍጥር በኋላ በማታ ይፈላል፤ እስከ በረካው መቆየት ደግሞ የተለመደ ነው። እናትዎ ደክሟቸው ከሆነ ቡናው ሳይቆላ በፊት ይናገሩ፤ ከአቦሉ በኋላ መነሣት ያፈላችውን ሴት ቅር ያሰኛል። በስጦታ በኩል ስኳር፣ ጥሬ ቡናና ሳሙና የሚበቃ ነው። ገንዘብ ለመስጠት ከፈለጉ በሰው ፊት አይሁን፤ ሲሸኝዎ ለቤቱ ታላቅ ሴት «ለልጆች» ብሎ በእጅ ማስያዝ ያልተጻፈ ደንብ ነው።

ከመናኸሪያው እስከ አልጋው ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ተሸካሚውም ባጃጁም ዕቃው ሳይነሣ ዋጋ ይነጋገሩ፤ ዝርዝር ብር ይያዙ። በሰኞ ገበያ መከራከር የገበያ ወግ ነው፤ የማይገዙትን ዕቃ እያስወረዱ መከራከር ግን የነጋዴውን ጊዜ መብላት ነው። አልጋ የያዙበት ቤት ውኃ ቢቋረጥ ጀሪካን ተሸክማ ደረጃ የምትወጣው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ በከተማችን ውኃ እንደልብ ስለማይገኝ፣ ለጠዋት ምን ያህል እንደሚያስፈልግዎ ማታውኑ ቢነግሯት እኩለ ሌሊት ከመቀስቀስ ትድናለች።

አንድ ነገር ግን አደራ የምለው አለ። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ውስጥ አልፈዋል፤ ሰው ያልሞተበት፣ ንብረት ያልተዘረፈበት፣ ወይም ቤቱን ጥሎ ያልሸሸ ቤተሰብ ብዙ አይደለም። ከሌላ ቦታ የሚመጡ እንግዶች፣ አዝነው እንጂ ክፉ አስበው ሳይሆን፣ ገና ቡና ሳይቀዳ «ያኔ እንዴት ሆናችሁ?» ብለው ሲጠይቁ አይቻለሁ። ባለቤቱ እንግዳን ላለማሳፈር ብሎ ይመልሳል፤ እንግዳው ተኝቶ ሲያድር እርሱ እንቅልፍ ያጣል። ራሳቸው ካነሡት ይስሙ፤ ካላነሡት ይለፉት፤ ልጆችዎንም አስቀድመው ይምከሯቸው። በፎቶም ረገድ የአይጠየፍን አዳራሽና የጦሳን ተራራ እንደልብ ማንሣት ይቻላል፤ በገበያ የተቀመጠች ሴትን ወይም የሚሰግድ ሰውን ግን ሳያስፈቅዱ አያንሡ።

በመጨረሻ ስለ ሐይቅ ጠይቀዋል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የወንዶች ገዳም በመሆኑ ሴቶች አይገቡበትም፤ እርስዎ፣ እናትዎና ሴት ልጅዎ ሐይቁ ዳር ትቆያላችሁ፤ በር ላይ ያሉትን አባቶች «ለአፍታ ብቻ» ብሎ መለመን እነርሱንም እናንተንም ያስጨንቃል። ወንድ ልጅዎ ገዳሙን እንዲያይ ከፈለጉ አብሮት የሚገባ ወንድ ስለሚያስፈልግ፣ ከዘመዶችዎ አንዱ «እኔ እወስዳችኋለሁ» ማለቱ አይቀርም፤ ጾም ላይ ቢሆንም ይላል። እሺ ካሉት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ ገዳሙን አይቶ ይውጣ፤ ምሳችሁን ሐይቅ ከተማ በልታችሁ፣ እርሱ ከአፍጥር በፊት ሁለት ሦስት ሰዓት ጋደም እንዲል፣ እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ደሴ ግቡ። የመኪናውን ሒሳብ ግን ከእርሱ ቀድመው ለረዳቱ ይክፈሉ፤ አጠገቡ ተቀምጠው ቦርሳ እስኪከፍቱ ድረስ እርሱ ከፍሎ ይጨርሳል።