ጉድለቱም በመዝገብ ይግባ

ውድ ልጆቼ፣

31 ዓመት በሒሳብ ሥራ ቆይቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች አንድ ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ይደርሰኛል። አንዱ ተመርቆ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ አላገኘም፤ ሌላዋ እናቷን በኩላሊት ሕመም ታስታምማለች፤ ሁሉም ግን በስተመጨረሻ የሚጠይቁኝ፣ «ሁልጊዜ ደስ ይበላችሁ ተብለን ሳለ እኔ ደስ ካላለኝ እምነቴ ጎድሏል ማለት ነው ወይ?» እያሉ ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ በጽሑፍ ልመልሰው ወደድሁ።

ሐዋርያው ያዕቆብ ልዩ ልዩ ፈተና ሲደርስባችሁ «እንደ ሙሉ ደስታ ቍጠሩት» ሲል የተጠቀመበት ቃል በየቀኑ ከእጄ የማይጠፋ ቃል ነበር። መቍጠር ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የጎደለበትን ሣጥን «ሙሉ ነው» ብሎ የሚፈርም ገንዘብ ያዥ ሐሰተኛ ይባላል እንጂ ደስተኛ አይባልም። ጉድለቱ በመጠኑና በቀኑ በመዝገብ ይገባል። ስለዚህ በቤቱ አልቅሶ በጉባኤ መካከል የሚስቅ ወጣት ሳይ፣ በእምነቱ ከመደነቅ ይልቅ መዝገቡን ማን እንደሚያይለት እጨነቃለሁ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የላከውን መልእክት አንብቡ፤ አራት ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ በአንድ ተቀምጦ ያልቃል። ደስታን ደጋግሞ የሚያነሣው ይህ መልእክት የተጻፈው ሐዋርያው ታስሮ ሳለ ነው። የጻፈላቸውም፣ በዚያችው በከተማቸው በበትር ተደብድቦ፣ እግሩ በግንድ ተጠርቆ፣ በመንፈቀ ሌሊት ከሲላስ ጋር እየጸለየ ሲዘምር እስረኞች ያደመጡት ሰው ነው። ይኸው ሰው ግን አፍሮዲጡ ለሞት እስኪቀርብ በታመመ ጊዜ «ኀዘን በኀዘን ላይ» ሊጨመርበት ደርሶ እንደ ነበር ሳይደብቅ ይነግራቸዋል፤ ጥቂት ዝቅ ብሎም እያለቀሰ እንደሚናገር ይገልጻል። ሐዘኑና ደስታው በአንድ ደብዳቤ ላይ ሰፍረዋል፣ አንዱም ሌላውን አልሰረዘም።

አፍሮዲጡ ማን እንደሆነ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። በዚያ ዘመን እስረኛን በአብዛኛው የሚመግበው ወዳጅ ዘመዱ ነበርና፣ አፍሮዲጡ የፊልጵስዩስ ሰዎች የላኩት ስንቅ አቀባይ ነው። በእስር ቤት በር ላይ የምግብ ሳህን በጨርቅ ቋጥራ የተሰለፈች እናት ያየ ሰው፣ ሐዋርያው «በመከራዬ ከእኔ ጋር ስለ ተካፈላችሁ መልካም አደረጋችሁ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባዋል። «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ» ያለውም በዚያው ምዕራፍ ነው። ትምህርት ጊዜ ይፈጃል፤ የሚማረውም ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

እኔ የተማርሁት በ41 ዓመቴ ነው። በምሠራበት መሥሪያ ቤት በተደረገ ቆጠራ ገንዘብ ጎድሏል ተባለ፤ ወጪ የተደረገበት ማዘዣ ሲፈለግ ጠፋ፤ እኔም ከሥራና ከደመወዝ ታገድሁ። እገዳው 2 ዓመት ከ4 ወር ቆየ። ባለቤቴ አርፎ ነበር፤ ሁለቱ ልጆቼ ተማሪዎች ነበሩ። ከድህነቱ ይልቅ ያቃጠለኝ ግን በገበያ መንገድ ያዩኝ ሰዎች ወደ ማዶ መሻገራቸው ነበር፤ ከእነርሱም ይልቅ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ሻይ እየጠጡ «ለበጎ ነው» የሚሉኝ አበሳጩኝ። ለበጎ ይሁን አይሁን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። በሰው ቁስል ላይ ቸኩላችሁ እንዲህ አትበሉ።

በዚያ ጊዜ የያዝሁት የእናቴን ዳዊት ነበር። ከመዝሙሮቹ በኋላ በሚገኘው ጸሎተ ነቢያት ውስጥ የዕንባቆም ጸሎት አለ፤ በለስ ባታፈራ፣ እርሻው መብል ባይሰጥ፣ በጎች ከበረት ቢጠፉ «እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል» የሚለው። ያን ማለት ለብዙ ወራት አቃተኝ፤ ቃሉ ከአፌ አይወጣም ነበር። በኋላ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ሳነብ፣ ነቢዩ ራሱ የጀመረው «አቤቱ፥ እኔ ስጮኽ የማትሰማው እስከ መቼ ነው?» ብሎ እንደሆነ አየሁ። ከዚያ ጩኸት እስከዚያ ዝማሬ ሦስት ምዕራፍ አለ። እኔም የመጀመሪያው ላይ ብዙ ተቀመጥሁ፣ እናንተም ብትቀመጡ አትፈሩ።

መጨረሻው ሁልጊዜ መፈታት ነው ብዬ ላታልላችሁ ግን አልፈልግም። የዛሬ ምስክርነቶች ቪዛ በማግኘት፣ ቤት በመሥራት፣ ጠላት በማፈር የሚደመደሙ ሆነዋልና። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የኢትዮጵያ ሁለተኛ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ተገደሉ፤ በዚያው ክረምት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ፤ የቤተ እምነት ልዩነታችንን ለአፍታ አቆዩልኝ። ቄስ ጉዲና ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተከፍቶላቸው ሕዝባቸውን ትተው ለመሄድ አልፈቀዱም ነበር፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ዐሥር ዓመት ያህል በእስር ቆዩ። የሁለቱም አባቶች አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። ክርስቲያናዊ ደስታ በምድር ላይ በሚገኝ ውጤት የሚለካ ቢሆን ኖሮ እነዚህን ሰዎች ምን ልንላቸው ነው?

ወደ ራሴ ልመለስ። ከታገድሁ በ14ኛው ወር ገደማ የዕድራችን ዳኛ የነበሩ አዛውንት አንድ እሑድ ማታ በጨርቅ የተጠቀለለ መዝገብ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ የገንዘብ ያዣችን ሒሳብ አልገጥም ብሎናል፤ ሥራ ፈተሽ ከምትቀመጪ እስቲ እይልን» አሉኝ። አንድም ጥቅስ አልጠቀሱም። በገንዘብ ማጉደል የተከሰሰች ሴት ፊት የዕድሩን ገንዘብ መዝገብ አስቀመጡና ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ልዩነቱ 27 ብር ነበር። ልዩነት በ9 ሲካፈል ሁለት አኀዝ ተገልብጦ ሊሆን እንደሚችል ማንኛውም ሒሳብ ሠራተኛ ያውቃል፤ እኔ ግን ራሴን ማመን ትቼ ስለነበር ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። በሦስተኛው ሌሊት 63 ብር መባል የነበረበት 36 ተብሎ መጻፉን አገኘሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስስቅ ልጆቼ ከእንቅልፋቸው ተነሡ። ደመወዝ አልነበረኝም፤ ክሱም እንዳለ ነበር። ያን ሌሊት የዕንባቆምን ጸሎት እስከ መጨረሻው አልሁት።

የጠፋው ማዘዣ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ በሌላ ዓመት ማኅደር ውስጥ ተገኘና ነፃ ወጣሁ። ያን ቀን ደስታ ይሰማኛል ብዬ ስጠብቅ የተሰማኝ ድካም ብቻ ነበር፤ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።

አዛውንቱ ካረፉ ቆይተዋል። የዕድሩን መዝገብ እስከ ዛሬ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ዓይኔ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ከእናንተ መካከል ሒሳብ የተማረ፣ በተለይም ሥራ ያጣ ካለ፣ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤቴ ይምጣና አብረን እንቍጠር፤ ቡና አለ።