ሦስት ጊዜ የፈታሁት ሙዳይ

ልጆቼ፣

እዚሁ ጎንደር 31 ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሳር ስፌት ነው።

ብዙ ወጣቶች «ምን ተሰጥኦ እንዳለኝ አላውቅም» ይሉኛል። እኔም አላውቅም ነበር። እናቴ ስፌት ልታስተምረኝ ስትል ጥያት እሮጥ ነበር። ነገሩ የገባኝ በ40 ዓመቴ ነው። ከሌሊት ተረኛነት ስመለስ አንዲት ጎረቤቴ ደጇ ላይ ቁጭ ብላ ስትሰፋ አያታለሁ። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀመጥኩ። በማግስቱም እንቅልፌን ትቼ ሄድኩ። ማንም ሳይጠራችሁ እግራችሁ እየደጋገመ የሚወስዳችሁ ቦታ ካለ ልብ በሉት።

የመጀመሪያ ሙዳዬን ሦስት ጊዜ ፈትቼዋለሁ። አክርማ የሚባለው ሳር ከውስጥ ይሆናል፣ የራሰ ስንደዶ፣ ሌላው ሳር፣ ይጠመጠምበታል፣ በወስፌ የበፊቱን ዙር እየወጉ ማያያዝ ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ ስንደዶው በደንብ ስላልራሰ ተሰነጠቀብኝ። ቀጥሎ ውኃ ውስጥ አሳደርኩት፤ ሲደርቅ ሟሸሸና ሥራው ሁሉ ሳሳ። በሦስተኛው ደግሞ እጄ በጣም አጠበቀና መቀመጫው ጎበጠ። ጎረቤቴ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ወስፌውን ተቀብላ ሁለት ዙር ሰፋችና መለሰችልኝ። እኔም ፈታሁት። የገረመኝ፣ ምንም አልተናደድኩም። ሥራው የእኔ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። መፍታቱ የሚያንገበግባችሁ ከሆነ ሌላ ሞክሩ፤ ጥልፉ፣ ፈትሉ፣ ሸክላው፣ ቆዳው ሞልቷል።

ሸክላ ካልኩ አይቀር፣ በደባርቅ መንገድ ትንሽ ወጣ ብላችሁ ወለቃ የምትባለውን መንደር እዩ። በሸክላና በቀጥቃጭነት የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎችና በዚያው ዘመን ወደ እስራኤል ሄደዋል። ሸክላው ግን እዚያው ቀርቷል፤ ዛሬም ይሠራል። እነዚህን ሰዎች «ቡዳ»፣ ሸማኔውን ደግሞ «ቁጢት በጣሽ» ሲሏቸው በልጅነቴ ሰምቻለሁ። ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ጀበና ቡና እየጠጡ፣ ሸማኔው የሠራውን ጋቢ ተከናንበው! አሁንም ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ አደራ፣ ሙያ ልትማሩ ስትሄዱ እትዬ፣ ጋሼ በሉ። ሥራ ላስፈታችሁበት ጊዜም ክፈሉ።

ዩቲዩብም ደህና ነው፣ እኔም አያለሁ። ግን እጅ ምን ያህል ማጥበቅ እንዳለበት ስክሪን ላይ አታገኙትም።

ደግሞ ለመሸጥ አትጣደፉ። አንዲት ዘመዴ ጥልፍ ላይ ጎበዝ ነበረች። ገና በሁለተኛ ወሯ ለጥምቀት 20 ቀሚስ ትእዛዝ ተቀበለች፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። ጨርሳ ካስረከበች በኋላ መርፌ ስትነካ አላየኋትም። ገንዘቡ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ፍቅሩ ሳይጠና ጭነት በዛበት። የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች ለእናታችሁ፣ ለጓደኛችሁ ስጡ። አንዱን ለራሳችሁ አስቀሩ። ያ የጎበጠው ሙዳይ፣ ለአራተኛ ጊዜ ተሰፍቶ፣ ዛሬ ክርና መርፌዬን ይዞልኛል።

ክረምቱ ሲወጣ፣ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ ስንደዶ ይደርሳል። በጠዋት ሜዳ ውረዱ። ጫፉን ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት፤ በኃይል ከጎተታችሁት ይበጠሳል። አንድ እቅፍ ለጀማሪ ይበቃል። ወስፌ ከሌላችሁ እኔ ዘንድ ትርፍ አለ።