ማስተርስና ፒኤችዲ አመልክተው ደጋግመው ላልተሳካላቸው፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለፒኤችዲ ሦስት ዓመት አመልክቼ አንድም አልተቀበለኝም። ጂፒኤዬ ጥሩ ነው። ጂአርኢ (ለድህረ ምረቃ መግቢያ የሚጠየቀውን ፈተና) ደግሜ ልፈተን?

መልስ፦ መጀመሪያ ያመለከትክባቸውን ፕሮግራሞች ዘርዝርና ካንተ ርዕስ ጋር የሚገጥም ጥናት የሚሠሩትን መምህራን በየስሩ ጻፍ። አንድ ሰው ብቻ ካገኘህ ችግሩ እዚያ ሊሆን ይችላል፤ ያ መምህር በዚያ ዓመት ፈንድ ከሌለው ማመልከቻህ ቢያምርም የሚወስደው አይኖርም። ሁለት ሦስት ያሉበትን ምረጥ። ጂአርኢን አሁን ብዙ ፕሮግራሞች አይጠይቁም። ከጠየቁና ውጤትህ ከተቀበሏቸው ተማሪዎች በጣም ካነሰ ብቻ ድገም፤ በሁለት ፈተናዎች መካከል 21 ቀን መቆየት ግድ ነው። የጂአርኢ ውጤት 5 ዓመት፣ የእንግሊዝኛ ፈተናዎቹ የቶፍልና የአይልትስ ግን 2 ዓመት ብቻ ስለሚያገለግል ጊዜው እንዳያልፍብህ።

ጥያቄ፦ ሪኮመንዴሽኖቼን (ስለኔ የሚጻፉትን የድጋፍ ደብዳቤዎች) አላያቸውም። ደካማ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ጥሩ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ኮርሴን ወስዳ ኤ አግኝታለች» የሚል ደብዳቤ ትራንስክሪፕትሽ ያለውን ከመድገም አያልፍም። ከሦስቱ ሁለቱን የምርምር ሥራሽን በቅርብ የተከታተሉ ሰዎች ይጻፉልሽ። ስትጠይቂ «ጠንካራ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» በያቸው፤ ካመነቱ አመስግነሽ ሌላ ፈልጊ። ስድስት ሳምንት ቀደም ብለሽ ሲቪሽን፣ የስቴትመንትሽን (ምን ማጥናት እንደምትፈልጊና ለምን እንደሆነ የምትገልጪበትን ጽሑፍ) ረቂቅ፣ የዴድላይኖቹን ዝርዝርና አብራችሁ ስለሠራችሁት ሥራ ሦስት አራት ነጥብ ላኪላቸው። ሳምንት ሲቀረው የማመልከቻውን ፖርታል እዪ፤ አንድ ደብዳቤ ከጎደለ ፋይልሽ ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

ጥያቄ፦ ያምናውን ስቴትመንት መላክ እችላለሁ?

መልስ፦ አይመከርም፣ በተለይ ለዚያው ትምህርት ክፍል። «ከልጅነቴ ጀምሮ» የሚለውን አንቀጽ አውጣው። የትኛውን ጥያቄ መመርመር እንደምትፈልግ፣ እስካሁን በምን ዘዴ ምን እንደሠራህና ምን እንዳገኘህ፣ ከዚያም ለምን እነሱ ጋር እንደመጣህ ጻፍ። የዩኒቨርሲቲውን ስም ብቻ ቀይረህ ለሌላው መላክ ከቻልክ የመጨረሻው ክፍል ገና አልተጻፈም። ካምናው ወዲህ የጨመርከው ነገርም (የታተመ ጽሑፍ፣ አዲስ ኮርስ፣ የምርምር ረዳትነት) ቶሎ ይታይ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ዲግሪ ውጤቴ 2.6 ነው።

መልስ፦ 3.0ን ዝቅተኛ መስፈርት ያደረጉ ብዙ ስለሆኑ የማመልከቻ ክፍያ ከመፈጸምህ በፊት በኢሜይል ጠይቅ። ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ግለጽ፣ አታራዝመው። ከሁሉ የሚሻለው ግን በመስኩ ከፍ ያለ ደረጃ ያለው ኮርስ ወስዶ ጥሩ ውጤት ማምጣት ነው።

ጥያቄ፦ ለምን እንዳልተቀበሉኝ ብጠይቅ ይነግሩኛል?

መልስ፦ አብዛኞቹ አይነግሩም። የአሜሪካ ከሆነ ከኤፕሪል 15 በኋላ፣ ሥራ ሲቀልላቸው ሞክር። ውሳኔውን ሳትከራከር «በሚቀጥለው ዙር የትኛውን ክፍል ላጠናክር?» ብቻ በል።