ስቴካ ልግዛ ላልከው፦ ዘንዶውን ትተህ ጫፉን እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ባህር ዳር ፔዳ አካባቢ ፑል መጫወት ከጀመርክ ዓመት አልፎሃል። የፑል ቤቱ ስቴካ (ኳስ መምቻው ዘንግ) ሁሉ ጠማማ ሆኖ አስመርሮሃል። የራስህን መግዛት አምሮህ ኪስህ ሳስቷል። «በትንሽ ብር ደህና ስቴካ ይገኛል ወይ? ምን ምኑን ልይ?» ነው ያልከው። ይገኛል። እኔ እስካሁን ሦስት ስቴካ ኖሮኛል፤ ሁለቱ ኪሳራ ነበሩ። ዋጋ ግን አልጠራልህም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይቀየራል።

የመጀመሪያው ጥቁር አብረቅራቂ ነበር። እጀታው ላይ እሳት የሚተፋ ዘንዶ ተስሎበታል። ሻጩ ከቦርሳው ሲያወጣው አለቀልኝ። ዘንዶውን አይቼ ከፈልኩ፤ እንጨቱን አላየሁትም። ጊዜው ሰኔ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ክፍሌ ጥግ ግድግዳ አስደግፌ አቆምኩት። የባህር ዳርን ክረምት ታውቀዋለህ፤ አልጋ ስር ያለ ጫማ እንኳ ይሻግታል። መስከረም ላይ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ሳንከባልለው ጫፉ ብድግ ቁጭ ይላል። ዘንዶው ምንም አልሆነም። አሁን እናቴ መጋረጃ ሰቅላበታለች።

ጣና ዳር ታንኳ ከውሃ ሲወጣ አቁመው ነው የሚያደርቁት። ለደንገል ደግ ነው። ስቴካ ግን ወይ አግድም ይተኛል፣ ወይ ቀጥ ብሎ ይሰቀላል። ግድግዳ ላይ ዘመም ካለ ቀስ በቀስ ይጎብጣል፤ እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል።

ሁለተኛውን እዚሁ ላሠራ ብዬ አናጺ ቤት ከዋንዛ አስጠረብኩት። ለበርና ለቁም ሳጥን ዋንዛን የሚያህል የለም። ለስቴካ ግን ለስላሳ ነው። ነጯን ኳስ ስትመታት «ቀጭ» ማለት ሲገባው «ዱፍ» ይላል፤ እጅህ ላይ ምንም አይሰማህም። እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ ስለተሠራ በሁለት ወሩ ቀስት ሆነ። አናጺው ጥፋት የለበትም። «ይቆይ፣ ይድረቅ» ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የቸኮልኩት።

ኳሷን የሚነካት ጫፉ ነው፤ ጫፉን የሚሸከመው ደግሞ የፊተኛው ግማሽ። ጌጡ፣ ቀለሙ፣ ስሙ ሁሉ ያለው ከኋላ ነው። ብርህ ትንሽ ከሆነ ለፊቱ ክፈል።

እኔ የፊተኛው ግማሽ ቀለም ያልተቀባ ቢሆን እመርጣለሁ፤ እንጨቱ ይታያላ። ለፑል የሚመረጠው ሜፕል ነው፤ ፈዘዝ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ መስመሩ ብዙ የማይታይ። አሽ የሚባለው መስመሩ ጎላ ብሎ ይታያል፤ ብዙ የስኑከር (በአነስተኛ ኳስ የሚጫወቱት) ስቴካ ከእሱ ነው። ርካሾቹ ላይ ራሚን የሚባል የደቡብ ምሥራቅ እስያ እንጨት ታገኛለህ። የትኛውም ይሁን፣ መስመሩ ከጫፉ እስከ መጋጠሚያው (ሁለቱ ግማሾች በቡሎን እስከሚገናኙበት) አብሮት ይሂድ። መሀል ላይ ወደ ጎን እያጋደለ የሚወጣ ከሆነ ተወው። በፋይበርግላስ የተሸፈኑም አሉ፤ እርጥበት ይችላሉ፣ ድምፃቸው ግን ለእኔ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል።

ቀጥ ማለቱን ስትፈትሽ ፍታውና ሁለቱን ቁራጭ ለየብቻ አንከባልል። የፑል ጠረጴዛው ላይ አታድርገው፤ ስንቱ ጠረጴዛ ራሱ ጠማማ ነው። ካፌ ውስጥ ያለ የመስታወት ጠረጴዛ ይሻላል። ጎንበስ ብለህ በእንጨቱና በመስታወቱ መሀል የሚገባውን ብርሃን እይ። ወደ ጫፉ ስለሚቀጥን ትንሽ ክፍተት ይኖራል፤ እሱ ችግር የለውም። እየተንከባለለ ክፍተቱ ከፈት ዘጋ የሚል ከሆነ ግን ጎብጧል። ሁለቱም ለየብቻ ቀጥ ብለው ሲገጠሙ የሚዋዥቁ ከሆነ ችግሩ መጋጠሚያው ላይ ነው። መጀመሪያ ቡሎኑን ጥረግና እንደገና ግጠመው፤ አንዳንዴ ቆሻሻ ብቻ ነው። ከዚያ እጀታውን በቡጢ ቀስ አድርገህ ምታና አዳምጥ። ጥዝዝ ካለ ውስጡ የላላ ነገር አለ።

ስፋቱንም ሳትለካ አትግዛ። ትልቁ የፑል ኳስ ወርዱ 57 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለእሱ ጫፉ ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከ9 እስከ 10 የሆነውን ቀጭን ካየህ የስኑከር ነው። ርካሽ ስለሆነ ብቻ የሚገዙት አሉ፤ በትልቁ ኳስ ብሬክ (የመክፈቻውን ምት) ሲመቱበት ከጫፉ ቆዳ ስር ያለውን ነጭ አንገት ይሰነጥቁታል።

ርዝመቱ 147 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ክብደቱ ከ510 እስከ 600 ግራም ይሄዳል፤ ለጀማሪ 540 ገደማ ይበቃል። እኔ ሰፈር ሱቅ የስኳር ሚዛን ላይ ነው ያስመዘንኩት። ባለሱቁ «ይሄም በኪሎ መሸጥ ጀመረ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ጫፉ ላይ ያለችው ቆዳ ብትበላ አትደንግጥ፤ በትንሽ ብር የምትቀየረው እሷ ናት። በቡሎን የምትታሰር ከሆነች ግን ስቴካውን እለፈው፤ የምትያዘው በማጣበቂያ ነው መሆን ያለባት። የአሮጌዋን ትራፊ በምላጭ ፋቅ። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ለጥ አድርግ፤ ጥድፊያ አያስፈልግም፣ ዘመም ካለ አዲሷም ትዘማለች። አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ፣ ቀጥ አድርገህ ተጫን፣ ለሰዓታት ተወው። የተረፈውን ጠርዝ በምላጭ አስተካክልና አናቷን ክብ አድርግ። የክቡ ልክ የ5 ሳንቲም ጠርዝ ይሁን። ሳንቲሟን አጠገቧ ይዘህ ማስተያየት ነው።

ቾክ ሲያልቅብህ ደግሞ የትምህርት ቤት ጠመኔ እንዳትቀባ። የፑሉ ቾክ ሲሊካና እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ዱቄት አለበት፤ ቆዳዋ ነጯን እንድትይዝ የሚያደርገው እሱ ነው። በጠመኔ ብትሸራተት ሌላ ሰው አትውቀስ።

ሦስተኛው፣ አሁን የምጫወትበት፣ ያገለገለ ነው። የተሻለ ያገኘ ጓደኛዬ ሸጠልኝ። ጌጥ የለው፣ እጀታው ተጫጭሯል፣ ፊቱ በቾክ ሰማያዊ ሆኗል። ግን ሲሸጥልኝ ጣና ዳር ሁለት ክረምት አሳልፎ አልጎበጠም ነበር። አዲስ ስቴካ ይሄን ፈተና ገና አላለፈም፤ ለዚህ ነው በትንሽ ብር ያገለገለ የምመክርህ። ቆዳዋን ቀየርኩ፣ ሌላ ምንም አላወጣሁም። ሰባት ዓመት ሆነኝ።

ከአዲስ አበባ የምታስመጣ ከሆነ የአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ እንዳይጭኑት። የአባይ በረሃ ፀሐይ ያገኘዋል፣ ላዩ ላይ ደግሞ ጆንያ ይጫንበታል። ፈታ አድርጎ ውስጥ የሚይዝልህ ሰው ፈልግ። ፕሬዳተር (የውድ ስቴካ ስም ነው) የሚል ጽሑፍ በርካሽ ካየህ ደግሞ ለጽሑፉ አምስት ሳንቲም አትጨምር፤ እንደማንኛውም እንጨት አንከባልለህ እየው።

ከመክፈልህ በፊት ከፈለግህ ቅዳሜ ከሰዓት ይዘኸው ና፣ አብረን እናየዋለን። 5 ሳንቲሟን እኔ አመጣለሁ፤ የማኪያቶው ሂሳብ ያንተ ነው።