የዘፈኑ ስም አለ፣ ድምፁ ግን የለም

ጥያቄው የመጣው ከወልድያ ነው። ጠያቂያችን የአባታቸውን የመንዙማና የአምባሰል ካሴቶች በኮምፒውተር አስገልብጠው፣ ከኢንተርኔት ከገዟቸው ዘፈኖች ጋር በአንድ የ2 ቴራባይት ፍላሽ ላይ አስቀምጠዋል። ቀድመው ከገቡት አብዛኞቹ ይጫወታሉ፤ በኋላ የገቡት ግን ስማቸውና መጠናቸው እየታየ አይከፈቱም፣ ጥቂቶቹም መሐል ላይ ወደ ሌላ ዘፈን ይዘላሉ። ፍላሹን ኮምፒውተር ቤት ቢወስዱት «ቫይረስ ነው» ተብሎ የማስተካከያ ፕሮግራም ተካሂዶበታል፤ ከዚያ በኋላ «ፋውንድ» በሚል ፎልደር ውስጥ ቁርጥራጭ ፋይሎች አግኝተዋል።

በእኔ ግምት ፍላሹ መጠኑን የሚዋሽ ሐሰተኛ ዕቃ ነው። ቫይረስ ወይም ያረጀ ፍላሽ የቅጂውን ቅደም ተከተል ተከትሎ እንዲህ አያበላሽም። ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ በዚያ ፍላሽ ላይ ከእንግዲህ ምንም ነገር እንዳይጽፉ፣ ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቅም እንዳይፈቅዱ ነው።

የማታለሉ አሠራር ይህ ነው። በፍላሹ ውስጥ መረጃውን ከሚይዘው ማኅደር ሌላ መቆጣጠሪያ ቺፕ አለ፤ ኮምፒውተሩ ስለ መጠን የሚያውቀው ይህ ቺፕ የሚነግረውን ብቻ ነው። አጭበርባሪው 32 ጊጋባይት የሚይዘውን ዕቃ 2 ቴራባይት ነኝ እንዲል አድርጎ ቺፑን ያስተካክለዋል። ቺፑም አሥር ኩንታል በሚይዝ ጎተራ ለመቶ ኩንታል ደረሰኝ እንደሚቆርጥ ባለ መጋዘን፣ የመጣለትን ሁሉ ተቀብያለሁ ይላል፤ ከእውነተኛው መጠን ያለፈውን ግን ወይ ይጥለዋል፣ ወይ ቀድሞ በተጻፈው ላይ ይደርበዋል። የፋይሎቹ ስምና መጠን የሚመዘገበው በፍላሹ መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ ዝርዝሩ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ቅጂውም ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት ያልቃል። እንዲህ ያለውን ዕቃ በርካሽ የሚያቀርቡ ሰዎች የሰው ትዝታ እያጠፉ መሆኑን ሊያውቁት ይገባል።

ኮምፒውተር ቤቱ «ቫይረስ ነው» ብሎ የማስተካከያ ፕሮግራም ማስኬዱ ደግሞ ጉዳቱን አባብሶታል። «ፋውንድ» በሚል ፎልደር ውስጥ ያገኟቸው ቁርጥራጭ ፋይሎች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው፤ ፕሮግራሙ ምንም መጻፍ በማይገባው ፍላሽ ላይ ጽፏል።

አሁን ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡና እያንዳንዱን ፋይል እስከ መጨረሻው ያዳምጡ፤ መጠኑን አይተው አይመኑ። ጨርሶ ያልተቀመጠውን የትኛውም ፕሮግራም አይመልሰውምና «እመልሳለሁ» ለሚል ሰው ገንዘብ አይክፈሉ። የገዟቸውን ዘፈኖች አብዛኛውን ጊዜ በገዙበት አካውንት እንደገና ማውረድ ይቻላል፤ በአይቲዩንስ (በአፕል ኩባንያ የሙዚቃ መደብር) የሚሸጡት ዘፈኖች እንዳይገለበጡ የሚያግደው ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ስለተነሣ ወደፈለጉት ዲስክ ይገለበጣሉ። በወርኃዊ ክፍያ መተግበሪያ ውስጥ የወረደ ዘፈን ግን የእርስዎ አይደለም፤ ክፍያው ሲቋረጥ አይከፈትም።

ካሴቶቹን እንዳይጥሉ፤ በቤት የተቀዳ መንዙማ ሌላ ቅጂ ላይኖረው ይችላል። የጠፉትን እንደገና ያስገልብጡ። በሲዲ ጥራት በዌቭ (ባልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ሲቀዳ አንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ስለሚወስድ የ60 ደቂቃ ካሴት 600 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ፍላክ ወደሚባለው የተጨመቀ የድምፅ ፋይል ቢለውጡት ጥራቱ ሳይቀንስ ቦታው በእጅጉ ያንሳል። ቅጂውን በሁለት ሃርድ ዲስክ አድርገው አንዱን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ካለ ዘመድ ዘንድ ያኑሩ።

አዲሱን ዲስክ ምንም ሳይጭኑበት «ኤች ቱ ቴስት ደብሊው» በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይፈትሹት፤ ሙሉ መጠኑን ጽፎ መልሶ ስለሚያነብ ሰዓታት ይፈጃል። መጠኑ ከተጻፈው በእጅጉ ካነሰ ዕቃውን ወዲያውኑ ለሻጩ ይመልሱ። አሮጌውን ፍላሽ ግን አዳምጠው እስኪጨርሱ ድረስ፣ ደግሜ እላለሁ፣ ምንም እንዳይጽፉበት።