«ጋሼ፣ ምን ልያዝ?»

ባለፈው እሁድ አንድ የሰፈራችን ልጅ ቤቴ መጣ። የምኖረው ሰበታ ዳር፣ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ነው። ልጁ የተማረው ስለ ዱር እንስሳት ነው። አሁን ደግሞ ከውጭ የሚመጡ አዳኞችን ይዞ ባሌ ከሚወጣ ቡድን ጋር በረዳትነት ሥራ አግኝቷል። ፊቱ ላይ ደስታው ይታያል። ሁለተኛውን ሲኒ ቡና ሳይጨርስ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። «ጋሼ፣ ምን ልያዝ?» አለኝ።

ቶሎ መመለስ አቃተኝ። ልጁ የጠየቀኝ ስለ ጫማና ስለ ጃኬት ነው። እኔ ፊት ላይ የመጣብኝ ግን አንድ የጎበጠ ሳጥን ነው። ያን ዕለት ጫማውንም ጃኬቱንም ነግሬ ሸኘሁት። የሳጥኑን ነገር ግን አልነገርኩትም። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለእሱም፣ እንደሱ ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ ልጆችም ልጻፈው አልኩ።

ነገሩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የአደን መሪነት ፈቃድ ካገኘሁ በኋላ ብቻዬን እንግዳ ይዤ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። እንግዳው በዕድሜ ከአባቴ አይተናነስም። የመጣው የደጋ አጋዘን ፍለጋ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ኒያላ የምትሉት። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። የ10 ሳንቲማችን ላይ ያለው እሱ ነው። እናንተ ሳንቲም ስለማትይዙ አላያችሁት ይሆናል።

ከአዲስ አበባ የባሌ ተራሮች ፓርክ መግቢያ እስከሆነችው ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ አስፋልት ነው፣ ጠዋት ተነስቶ ማታ እዚያ ማደር ብርቅ አይደለም። ያኔ ከሻሸመኔ በኋላ ጠጠር ነበር። ዶዶላን፣ አዳባን እያልን ላንድክሩዘሩ እንደ ወንፊት ሲንጠን ዋለ። ከፓርኩ ውጭ ወዳለው የአደን ቀጠና ደግሞ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። ካምፕ ስንደርስ መሽቷል። ዕቃ ሳወርድ የእንግዳው ጠመንጃ ሳጥን ጄሪካን ስር ተጨፍልቆ አገኘሁት። አንዱ ማዕዘን ወደ ውስጥ ጎብጧል። ጣቴን አስገብቼ ለካሁት። አውራ ጣቴ እስከ ጥፍሬ ሥር ገባ።

ከፈትኩት። ጠመንጃው ጭረት እንኳ የለውም። ሦስት መቶ ዊንቸስተር ማግነም የሚባለው ዓይነት ነው፣ አዲስ የማነጣጠሪያ መነጽር የተገጠመለት። መልሼ ዘጋሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

እሳት ዳር ተቀምጠን ዱካ የሚከተሉልን ሽማግሌ ጠየቁኝ። የአካባቢው ሰው ናቸው፤ ሁላችንም «ኦቦ» ነው የምንላቸው። «ነገ ከመውጣታችን በፊት ጠመንጃው ተተኩሶ አይሞከርም?» አሉ። ለእንግዳው ተረጎምኩለት። ሳቅ አለና «መነጽሩን አገሬ ሳለሁ አስተካክዬዋለሁ። ደግሞ ድምፁ እንስሳውን ያሸሽብናል» አለ። እሱ የሳጥኑን ጉብጠት አላየም። ያየሁት እኔ ነኝ። «ጌታዬ፣ ሳጥኑ ተመቷል፣ ሳይሞከር አንወጣም» ማለት የነበረብኝ እዚያች ላይ ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ። ሰውዬው ትልቅ ሰው ነው፣ ብዙ ከፍሏል፣ ደክሞታል። የእኔ መኪና፣ የእኔ ጭነት መሆኑም አሳፈረኝ። ዝም አልኩ።

ሌሊቱን አመዳይ ወርዶ ድንኳኑ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ አደረ። ጎህ ሳይቀድ በፈረስ ወጣን። ኮሶውንና አሜጃውን አልፈን አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባን። 2 ሰዓት ገደማ ጭጋጉ ትንሽ ገለጥ ሲል ማዶ ካለው የአስታ ጠርዝ አንድ አጋዘን ወጣ። ሽማግሌው ክንዴን ጨበጡኝ። ትልቅ ወንድ ነው። የቀንዱ ጫፎች ከመፋቅ ብዛት ነጥተዋል። ዓይኖቹ መሀል ያለው ነጭ መስመር በዓይን ይታያል። ጎኑን ሰጥቶን፣ ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ ቆመ። 180 ሜትር ቢሆን ነው። ከመንግሥት የተመደበው የዱር እንስሳት ጠባቂ፣ ስካውቱም፣ አየው፣ ያረጀ ወንድ መሆኑን አረጋገጠ። እንግዳው በተደገፈበት እንጨት ላይ ተረጋጋ። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ሰውዬው ጎበዝ ተኳሽ ነበር።

ተኮሰ። ከጥይቱ ድምፅ ቀጥሎ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። እርጥብ ጨርቅ ግድግዳ ላይ ሲወረወር የሚሰማው ዓይነት። እንስሳው አልወደቀም። ጀርባውን አጎበጠ፣ ቀስ ብሎ ወደ አስታው ገባ። ይህን ያየ አዳኝ ምን እንደሆነ ያውቃል። ጥይቱ ሆዱን ነው ያገኘው።

ሽማግሌው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ተቀመጡ» አሉን። «ጸሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ማንም አይነሳ።» ትክክል ነበሩ። ሆዱን የተመታ እንስሳ ካልተከተሉት ብዙ ሳይርቅ ይተኛል፣ እዚያው ይደክማል። ከተከተሉት ግን ባለው ኃይል ሁሉ ይሄዳል። እኔ ግን ደመናውን አየሁ። ዝናብ መጥቶ ደሙን ያጥብብናል ብዬ ፈራሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ «እንሂድ» አልኩ። መሪው እኔ ነኛ! ሽማግሌው አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝና ተነሱ።

የተኛበትን ቦታ አገኘነው። ሣሩ ገና ሞቃት ነው። ደሙ ጠቆር ያለ ነው፣ የታኘከ ሣር አለበት፣ ይሸታል። የሳንባ ደም እንዲህ አይደለም፤ ቀላ ብሎ አረፋ ይይዛል። ከእግራችን ስር ወደ ገደሉ ሲወርድ ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማን። ከዚያ ዝናቡ መጣ።

ማታ ካምፕ ስንመለስ የብስኩት ካርቶን 100 እርምጃ ላይ አቆምኩ። እንግዳውን «አሁን ይተኩሱ» አልኩት። ምልክቱን ስቶ አንድ ስንዝር ወደ ግራ መታ። ደገመ። እዚያው አጠገቡ። እንግዲህ አስቡት። በ100 እርምጃ አንድ ስንዝር የሳተ፣ በ180 ሜትር ሁለት ስንዝር ያህል ይስታል። እንስሳው ፊቱን ወደ ቀኝ ስላዞረ፣ ወደ ግራ መሳት ማለት ከትከሻ ወደ ሆድ ማለት ነው። እንግዳው ያነጣጠረው ትክክለኛው ቦታ ላይ ነበር፤ ሳጥኑ ሲመታ የተዛባው መነጽሩ ነው።

ሁለት ቀን ፈለግን። በሦስተኛው ቀን ጥንብ አንሳዎች ሲዞሩ አይተን ገደሉን ወረድን። ጅብ ቀድሞናል። የቀረው ጭንቅላቱና አጥንቱ ነው። ሽማግሌው ተንበርክከው በጋቢያቸው ጠርዝ ከቀንዱ ላይ ጭቃውን ጠረጉ። ያን ሁሉ ጊዜ ቃል አልወጣቸውም። እንግዳው ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። የቆሰለ እንስሳ እንደተገደለ ስለሚቆጠር አደኑ እዚያ ላይ አበቃ።

ማታ ሽማግሌው አጠገቤ መጡ። «ሳጥኑ ተመትቶ ነበር። ስታወርደው አይተኸዋል?» አሉኝ።

«አላየሁም» አልኳቸው።

ከ3 ዓመት በኋላ ወደዚያው ስመለስ አርፈዋል። እውነቱን ሳልነግራቸው ቀረሁ። እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ስለ ፈቃድ አልነግራችሁም። ያለ ፈቃድ ጫካ የሚገባ ሰው ከእኔ ጋር ወሬ የለውም። አንድ ነገር ብቻ፦ ወረቀቱ ላይ ያለው የጠመንጃ ቁጥርና ብረቱ ላይ የተቀረጸው አንድ መሆኑን በዓይናችሁ አንብቡ፣ በቃል አትመኑ።

ጠመንጃ ደግሞ በአውሮፕላን ከመጣ፣ በመኪና ከተንገጫገጨ፣ ከወደቀ፣ እንደገና ይሞከራል። ባለቤቱ ማንም ይሁን። ድምፁ ያሸሻል ካሉ ከካምፑ ራቅ ብላችሁ፣ ከጋራው ጀርባ ወርዳችሁ አስተኩሱ። ሁለት ሦስት ጥይት ነው። ቁልቁል ሲተኮስ ጥይቱ ከታሰበው ከፍ ብሎ እንደሚመታም አስታውሷቸው። ባሌ ደግሞ ቁልቁለት ነው።

እግር ከጠመንጃ ይበልጣል እላለሁ ሁልጊዜ። አሁን የነገርኳችሁ ታሪክ ደግሞ ጠመንጃው ነው ዋናው የሚል ይመስላል። ሁለቱም እውነት ነው። እንስሳው በብዛት የሚገኘው 3,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳችሁ ስላደጋችሁ ከፍታውን የለመዳችሁ ይመስላችኋል። አታስቡት። የሳነቲ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከዝቅተኛ አገር የሚመጣው እንግዳማ የመጀመሪያውን ቀን ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። አታስሮጡት። አንድ ሁለት ቀን ይረፍ። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ማስመለስና መንገዳገድ ከመጣ ግን «ይሻለዋል» ብላችሁ አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች አውርዱት።

እናቴ ስወጣ በሶና ዳቦ ቆሎ ትቋጥርልኝ ነበር። ያኔ ካምፕ ውስጥ የታሸገ ምግብ ሞልቷል፣ እኔም ትንሽ አፍሬ ከሻንጣዬ ሥር እደብቀው ነበር። ያን በዝናብ የዋልንበትን ቀን ሁላችንን ያቆመችን የእሷ በሶ ናት። እንግዳው ሳይቀር በጣሳ በጥብጦ ጠጣ። ስንቅ ያዙ፣ አትፈሩ።

የዛሬ ልጆች መጠየቅ አታፍሩም። ይህን እወድላችኋለሁ፤ እኛ አልነበረንም። ግን ጠይቃችሁ መልሱን ሳትጨርሱ ስልካችሁን ታያላችሁ። ጫካ ውስጥ ስልክ ኪስ ይግባ። ሰማዩን እዩ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ተመልከቱ፣ ሽማግሌ ሲናገር ስሙ። አንድ ነገር ላይ ግን ስልኩ ይጠቅማል። እንስሳው የቆመበትን፣ ደም መጀመሪያ የታየበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት። እኛ ዝናቡ ሲመጣ ያን ቦታ ራሱ አጥተነዋል። ስልክ ቢኖረኝ ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ።

ኦሮምኛ ተማሩ። ይህን ከጫማ በፊት እጽፈዋለሁ። ሽማግሌው ያን ቀን «ተቀመጡ» ሲሉ የነገሩኝ ሌላም ነገር ነበር። በደንብ አልገባኝም። ለመጠየቅም አልቆምኩም።

ልጁ የሚሄደው በሚመጣው ሳምንት ነው። አዲስ ጫማ ገዝቷል፤ አዲስ ጫማ ባሌ ላይ እግር ይልጣል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት በዚያው ጫማ ወጨጫን አብረን እንወጣለን። እኔ እስከምችለው ድረስ፣ እሱ እስከ ጫፍ። ያን ጊዜ ይህን ደብዳቤ እሰጠዋለሁ። ካምፕ የደረሰ ዕለትም የእንግዳውን ጠመንጃ ካርቶን ላይ ያስተኩስ። ኔትወርክ የሚያገኝበት ጋራ ላይ ወጥቶ ይደውልልኝ። የት እንደመታ ይንገረኝ።