የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለቱርቦ የሚስማማው የትኛው ጎማ ቱቦ ነው?

ጥያቄ፦ የምነዳው ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚልክ መሣሪያ) ያለው የናፍጣ ፒክአፕ ሲሆን፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ከድሬዳዋ ሐረር እመላለሳለሁ። ባለፈው ወር ደንገጎ ዳገት ላይ ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለር (የታመቀውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ክፍል) የሚሄደው ጎማ ቱቦ ፈነዳና መኪናው ጉልበት አጥቶ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ እንደምንም ደረስኩ። መካኒኩ የራዲያተር ጎማ ቆርጦ ገጠመልኝ፤ እሱም በሁለት ሳምንቱ ጫፉ አብጦና ለስልሶ ወለቀ። አሁን ታይዋን ገበያ ቀይ ሲሊኮን፣ ሰማያዊ ሲሊኮንና ጥቁር ጎማ አሳይተውኛል፤ ዋጋቸው በጣም ይራራቃል። የትኛውን ልግዛ? (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የራዲያተሩ ጎማ የወለቀው የግድ ጥራት ስለጎደለው አይደለም፤ ያለ ሥራው ስለገባ ነው። የራዲያተር ጎማ በአብዛኛው የሚሠራው ኢ.ፒ.ዲ.ኤም ከሚባል የጎማ ዓይነት ሲሆን፣ ይህ ጎማ ሙቅ ውሃንና የራዲያተር ፈሳሽን ለዓመታት ይችላል፤ ዘይት ሲነካው ግን ያብጣል፣ ይለሰልሳል። በቱርቦ ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው አየር ደግሞ ንጹሕ አየር ብቻ አይደለም። ከሞተሩ መተንፈሻ የሚወጣው የዘይት ጉም ወደ ቱርቦው መግቢያ ተመልሶ ከአየሩ ጋር ይጓዛል። እንዲህ ያበጠ ጎማ በቢላ ሰንጥቄ በከፈትሁ ቁጥር የማገኘው ተመሳሳይ ነገር ነው፦ የውስጡ ገጽ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ በመካከሉ ያለው ጨርቅ በዘይት ርሶ ከጎማው ተላቅቋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ እርስዎ የሚነዱበት መንገድ ደግሞ ይህን ያብሰዋል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሆኑ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይሳሳል፤ ስለዚህ ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለመስጠት አየሩን አብልጦ ማመቅ አለበት። በስሌት ላሳይዎት፦ ድሬዳዋ ላይ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አየር ወደ ቱርቦው ቢገባ፣ ቱርቦው 1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ቢጨምርበትና የመጭመቂያው ብቃት 70 በመቶ ቢሆን፣ የሚወጣው አየር 140 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ኮፈኑ ሥር ያለው አየር ከውጪው ስለሚሞቅና ዳገቱ ላይ ግፊቱ ከ1 ባር ሊያልፍ ስለሚችል፣ እውነተኛው ቁጥር ከዚህም ይበልጥ ይሆናል።

ሲሊኮን የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ጥሩ የሲሊኮን ቱቦ እስከ 180 ዲግሪ አካባቢ ያለማቋረጥ ይሠራል፤ በሙቀትም አይደርቅም፣ አይሰነጠቅም። ይሁን እንጂ ብዙ ሻጮች የማይነግሩት አንድ ድክመት አለው፦ ተራ ሲሊኮን ዘይትን በደንብ አይከላከልም። ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ ግድግዳው ይሰርጋል፣ በጊዜ ብዛት ቱቦው በውጭ በኩል ላብ ያለበት ይመስላል፣ ድርብርብ ጨርቁም መላቀቅ ይጀምራል። ስለዚህ ከቱርቦው እስከ ኢንተርኩለር ላለው ሞቃት ክፍል ምክሬ ውስጡ ፍሎሮሲሊኮን የተለበጠ የሲሊኮን ቱቦ ነው፤ ፍሎሮሲሊኮን ሙቀቱንም ዘይቱንም አብሮ ይችላልና። ይህን ካላገኙ፣ ለመኪናዎ ሞዴል የተሠራውን የፋብሪካውን ቱቦ ይግዙ። ጥቁር ስለሆነ አይናቁት፤ የፋብሪካ የቱርቦ ቱቦዎች ብዙ ጊዜ ዘይትና ሙቀት ከሚችል ልዩ ጎማ የሚሠሩ ስለሆኑ፣ ስሙ ከማይታወቅ ቀይ ሲሊኮን እኔ እነሱን እመርጣለሁ። ከኢንተርኩለር በኋላ ያለው ክፍል ቀዝቀዝ ስለሚል ዘይት የሚችል ጥሩ ጎማ ይበቃዋል።

ቀይና ሰማያዊው የቀለም ልዩነት እንጂ የጥራት ምልክት አይደለም። ሱቁ ውስጥ የሚያዩት የተቆረጠውን ጫፍ ይሁን። የጨርቁን ድርብ ይቁጠሩ፤ ለእርስዎ ሥራ ሦስት ወይም አራት ድርብ ያስፈልጋል። ፍሎሮሲሊኮን ያለበት ብዙውን ጊዜ የውስጡ ሽፋን በቀለም ስለሚለይ ጫፉ ላይ ይታያል። ሲሊኮን መሆኑን ከተጠራጠሩ ሻጩን አስፈቅደው ትንሽ ቁራጭ በክብሪት ያቃጥሉ፦ ሲሊኮን ነጭ አመድ ይተዋል፣ ተራ ጎማ ግን በጥቁር ጭስ ተቃጥሎ ጥቁር ጥላሸት ይሆናል።

ቱቦው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ማሰሪያው (ፋሸታው) ካልተስተካከለ ይወልቃል። 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ውስጥ 1.5 ባር ግፊት ሲኖር፣ ቱቦውን ከብረቱ ለማውለቅ የሚገፋው ኃይል ከ43 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር ይስተካከላል። በካቻቪቴ የሚጠብቀው፣ ወገቡ የተበሳሳው ተራ ፋሸታ ለስላሳውን ሲሊኮን በቀዳዳዎቹ በኩል እየቆረጠ ይገባል፤ ስለዚህ ውስጡ ልሙጥ የሆነውን፣ በብሎንና በዳዶ የሚጠብቀውን ሰፊ ፋሸታ ይጠቀሙ። የብረቱ ጫፍ ላይ ዙሪያውን ያበጠ ከንፈር መኖሩን ያረጋግጡ፤ ፋሸታው ከከንፈሩ አልፎ ይቀመጥ እንጂ ከላዩ አይሁን። ከመግጠምዎ በፊት ብረቱን ከዘይት ፈጽመው ያጽዱት፤ እንዲገባ ብለው ግሪስ ወይም ዘይት መቀባት ቱቦው እንዲወልቅ መንገድ መክፈት ነው። ሲሊኮን ሲሞቅ ስለሚረግብ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሐረር ደርሰው ከተመለሱ በኋላ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አንድ ጊዜ እንደገና ያጥብቁት።

ቱቦውን ሲፈቱ ዘይቱ ጉም ያህል ሳይሆን የሚፈስ ከሆነ ግን ቱቦ መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ የሞተሩ መተንፈሻ ተዘግቶ ወይም የቱርቦው ዘይት ማገጃ (ሲል) አልቆ ይሆናል። በኢንተርኩለር ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት በአንድ ጊዜ ወደ ናፍጣ ሞተር ከገባ፣ ሞተሩ ዘይቱን እንደ ነዳጅ አቃጥሎ ቁልፍ ቢያጠፉም አልቆም ሊል ስለሚችል ይህን ሳያስመረምሩ ረጅም መንገድ አይውጡ።

ጥያቄ፦ የእኔ ደግሞ ከአየር ማጣሪያው ወደ ቱርቦው የሚገባው ቱቦ ነው። አዲስ ሲሊኮን አስገጥሜ ነዳጅ ስረግጥ ወደ ውስጥ ይጣበቃል። ለምን? (ከሐረር)

መልስ፦ በዚህ ክፍል ያለው ግፊት ሳይሆን መምጠጥ ነው፤ ቀጭን ሲሊኮን ደግሞ ሲመጠጥ ይጣበቃል። በግድግዳው ውስጥ የብረት ሽቦ የተጠመጠመበት ወይም ተቀርጾ የተሠራ ጠንካራ ቱቦ ያስፈልግዎታል። ከዚያ በፊት ግን ማጣሪያውን አውጥተው ይዩት፤ በአቧራ ከታፈነ ጥሩውንም ቱቦ ያጣብቃል። እዚህ ላይ ትንሽ ስንጥቅ እንኳ ካለ ያልተጣራ አቧራ በቀጥታ ገብቶ የቱርቦውን ክንፎች ይበላልና፣ የተሰነጠቀውን በማጣበቂያ ከማሸግ ይልቅ ይለውጡት።